ስሜን የወሰደው ድመት

ለመሆኑ ድመት ስም ያስፈልገዋል? እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኔ ባደግሁበት በጎንደር ገጠር ድመት ድመት ነበር፤ አለቀ። ሲፈለግ «ውሮ፣ ውሮ» ይባላል፣ ይመጣል። ካልመጣ ጎተራው ሥር አይጥ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይተዉታል። «ድመታችሁ ማን ይባላል?» ብሎ የጠየቀ እንግዳም አላስታውስም።

እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የምንኖርበት ሕንጻ አራት ፎቅ ነው፤ ስም የሌለው እንስሳ ደረጃውን አይወጣም። ስሙም ከየትም አይመጣም፤ ከመጽሐፍ ነው የሚወጣው። እኔ በዚህ ጉዳይ ባልገባ ደስ ይለኝ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነኝ። የጋዙን መዝጊያ ደግሜ ሳልነካ አልተኛም፤ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ደርሼ ከእሱ የቀደመው አውቶቡስ ሲሄድ የማይ ሰው ነኝ። የሰው ድመት ምን አገባኝ? ነገር ግን ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ዓይኔ ላይ መጣ።

በግራ ዓይኔ ሞራ ወርዶብኛል። ቀኙም ተከትሎት እየመጣ ነበር። ሞራውን የሚያየው ሐኪም ደግሞ ከትልቁ ሆስፒታል ወደ ክሊኒካችን አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚለው። ከዚያ ሐኪም ዘንድ የነበረኝን ተራ አንድ ጊዜ አሳልፌዋለሁ። ሁለተኛውን ካሳለፍኩ ሦስተኛው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ለምን እንዳሳለፍኩት እነግራችኋለሁ፤ በመጀመሪያ ግን የሕንጻችንን እንስሳት የስም ነገር ልጨርስ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከሩሲያ የመጣ ጡረተኛ አለ። በአገሩ መሐንዲስ ነበር አሉ። ውሻው አጭር ነው፤ ጆሮው መሬት ይጠርጋል። ስሙ «ግራፍ» ነው። በመጀመሪያው ሰሞን እኔ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሰውዬው የውሻውን ጠፍር በእጁ ጠቅልሎ መሐል ላይ ቆመና «ግራፍ! ግራፍ!» ብሎ ጮኸ። ማንን ነው ግረፍ የሚለኝ? ወይስ ለሌላ ሰው እኔን ግረፈው እያለ ነው? ዙሪያዬን አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ጠፍሩንም አየሁ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ቀስ ብዬ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

በኋላ ነው፣ በእሱም በእኔም የተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ያስረዳኝ። ግራፍ በአገሩ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ትልቅ መኰንን ነው። እንደ እኛ ደጃዝማች ማለት ነው። ደጃዝማቹ ይህ ሁሉ ሲነገርለት ቆሻሻ መጣያው ሥር የዶሮ አጥንት ይቆረጥም ነበር። ያም ሆኖ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልፍ በአክብሮት ነው የማልፈው።

ልጆቹ ደግሞ ባሱ። የልጅ ልጄ አስናቀች (በትምህርት ቤት ኦስናት ነው የሚሏት) መምህሯ ክፍሉን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ወሰደቻቸውና፣ እንስሳ ያለው ልጅ ሁሉ ከሚወደው መጽሐፍ ስም ያውጣለት ብላ አዘዘች። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት ያለችው ኤሊ «አውሎ ነፋስ» ተባለች። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ፈረስ ስም ነው አሉ። አውሎ ነፋስ ከሳሎን ተነስታ በረንዳ እስክትደርስ የተሰጣ ልብስ ይደርቃል።

አስናቀች አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እናንተ አገር እንስሳት ስም ያልነበራቸው መጽሐፍ ስላልነበረ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ነገር ቆረቆረኝ። መጽሐፍማ ነበረን። ቄሱ ዘንድ ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ግን ማንም ከእሱ ውስጥ ለውሻ ስም ላውጣ ብሎ አያውቅም። የውሻ ስም የሚወጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጠብ ነው አልኳት። አልገባትም። ለእናንተም ላይገባችሁ ይችላልና ላስረዳ።

በእኛ አገር በሬ በመልኩ ይጠራል፤ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ ይባላል። የውሻ ስም ግን ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ፊት ለፊት ለመናገር የሚያስቸግር ነገር ካለህ ለውሻህ ስም ታደርገዋለህ። ከዚያ አጥርህ ሥር ቆመህ ድምፅህ እስኪሰማ ትጣራለህ። ማን ይከስሃል? ውሻህን ነው የጠራኸው።

አባቴ ከጎረቤታችን ከአያ በላይ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣሉ። አያ በላይ አንድ ቡችላ አመጡና ስሙን «ምናገባው» አሉት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አጥራቸው ሥር ይቆሙና፣ «ምናገባው! ና! ምናገባው!» ይላሉ። ለአባቴ ራት አይወርድላቸውም። መልስ ለመስጠት ውሻ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ውሻ አልነበረንም። አባቴ ሌላ መንደር ድረስ ሄደው አንዲት ቡችላ ለምነው አመጡ፤ ስሟንም «ያገባኛል» አሏት። ከዚያ ወዲያማ ምሽቱ ሁሉ ከወዲያ «ምናገባው!»፣ ከወዲህ «ያገባኛል!» ሆነ። እኛ ልጆች ከብቱን ቶሎ አስገብተን ይህንኑ ለመስማት እንቀመጥ ነበር።

ቡችሎቹ አደጉ። አንድ ቀን ያገባኛል ጎተራው ሥር ወለደች። የተወለዱት በሙሉ የምናገባውን ነጭ ግንባር ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ተሰብስበው ነበርና አንደኛው ቡችሎቹን አይተው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እሷማ ያገባኛል፣ ያገባኛል ስትል ነው የከረመችው! እናንተ ናችሁ ያልሰማችኋት» አሉ። አባቴም ሳቁ፣ አያ በላይም ሳቁ። ወሰኑንም ቡችሎቹንም ተካፈሉ።

ይህን ያወራሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው እንስሳ ሲጠራ ከሰማ፣ መልእክቱ ለማን ይሆን ብሎ ነው የሚያስበው። እኔም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነኝ።

እንግዲህ በዝናቡ ወራት አንድ ቢጫ ድመት ደረጃችን ሥር ተጠልሎ ተገኘ። አንድ ጆሮው ተቀዷል። ልጄ ዘነቡ፣ የአስናቀች እናት፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ትሠራለች፤ ደክሟት ነበር የገባችው። «ምን በሽታ እንደያዘ አናውቅም፤ ይውጣ» አለች። እኔም የእሷን ሐሳብ ደገፍኩ። ድመቱ ግን ያን ጊዜ ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ነበር።

በማግስቱ አስናቀች ከቤተ መጻሕፍት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መጣች። በመጽሐፉ ውስጥ በመርከብ የሚሄድ ድመት አለ፤ የመርከቡን ዱቄት ከአይጥ ይጠብቃል። እሱም ጆሮው የተቀደደ ነው። ሥዕሉን አስጠግታ አሳየችኝ። በእኔ ዓይን ጉም ውስጥ ያለ ቢጫ ነገር ነበር፤ ቢሆንም «አየሁት» አልኳት።

«አባባ፣ ስም አወጣሁለት!»

«ማን አልሽው?»

«ዳን!»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ስሜ ፈረደ ነው። ወደዚህ አገር በመጣን ሰሞን ስም የምትመዘግብ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ስሜን ደጋግማ አስደገመችኝ። አፏ አልይዘው አለ። ፌሬዳ አለች፣ ፍሬዲ አለች። መጨረሻ ላይ አስተርጓሚውን ትርጉሙን ጠየቀችው። «ዳኝነት ሰጠ እንደ ማለት ነው» አላት። ፊቷ በራ። «በቃ፣ ዳን ይሁን! ዳን በዕብራይስጥ ፈረደ ማለት ነው። ደግሞስ እናንተ ቤተ እስራኤሎች ከዳን ነገድ አይደላችሁ?» አለች። ሁለቱም ልክ ነው። ልክ የሆነ ነገር ምን መልስ አለው? ዳን ተብዬ ወጣሁ። ቤቴ ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የጠራኝ ማንም የለም። ስሙ የሚኖረው መታወቂያው ላይ ነው። መታወቂያው ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ፕላስቲኩ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኪሴ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነው።

አሁን ወደ ዓይኔ ልመለስ። ያመለጠኝ ተራ ቀን ማልጄ ክሊኒኩ ደረስኩ። በጎኔ እመት ትርንጎ ተቀምጠዋል፤ የአገራችን ሴት ናቸው፣ ለጉልበታቸው ነው የሚመላለሱት። ነጭ የለበሰች ነርስ በሩ ላይ ወጣችና ሁላችንንም እየቃኘች፣ «ዳን! ዳን!» አለች።

እናንተ አማርኛ የምታውቁ፣ እውነቱን ተናገሩ። ሕመምተኛ ሆነህ ከሐኪም በር ላይ «ዳን! ዳን!» ሲሉህ ምን ትላለህ?

እኔ «አሜን!» አልኩ።

እመት ትርንጎም፣ «አሜን፣ አሜን፣ አንቺንም ክፉ አይንካሽ ልጄ!» አሉ።

ነርሷ ወዲያ ወዲህ አየች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዳን?» አለች። እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን አሜን አልን። ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት፣ ተባባልን። በገዛ ቋንቋችን! ይህን የመሰለ ምርቃት ማን አስተማራት? እሷም ተመልሳ ገባች፤ ቆይታ ሌላ ስም ጠርታ ሌላ ሰው አስገባች። ሐኪሙ ካፖርቱን ለብሶ እስኪወጣ ድረስ እኔ ተመርቄ ተቀመጥኩ።

ዘነቡ ያን ማታ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አባዬ፣ እርስዎን ነው እኮ የጠራችው! ስምዎ ነው!»

«እኔ ፈረደ ነኝ።»

«እዚያ ዳን ነዎት። ይህ ሁለተኛው ተራ ካለፈ ዓይንዎ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅዎ ይመስልዎታል?»

አልመሰለኝም። እውነቱን ለመናገር ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነበር። ከሥራ ስትመለስም ታለማምደኝ ጀመር። ጫማዋን እያወለቀች በድንገት «ዳን!» ትለኛለች። ከእኔ አፍ የሚወጣው «አሜን!» ነው። ደግማ ትሞክራለች፤ ደግሜ አሜን እላለሁ። ምን ላድርግ? ዕድሜ ልኬን ስታመም እንዲህ እየተባልኩ ነው የኖርኩት።

ድመቱ ዳን የተባለው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ታዲያ ብጠረጥር ይፈረድብኛል? ወዲያው የዘነቡ ሥራ ነው አልኩ። ድመት እንኳ ስሙን ያውቃል፣ እርስዎ ግን አያውቁም ማለቷ ነው። የአያ በላይ አጥር ቂርያት ጋት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኋት፤ በሕይወት ባለሁት በእኔ ማለችልኝ። «ልጅቷ የእርስዎን የመታወቂያ ስም መቼ ታውቅና!» አለች።

እውነትም አስናቀች አታውቅም ነበር። ስትሰማ ገረማት።

«የእርስዎም ስም ዳን ነው? ማን አወጣልዎት?»

«አንዲት ጸሐፊ።»

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

«አልጠየቅኋትም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «የእኔንም መምህሬ ዝም ብላ ነው ያወጣችው። ድመቱ ይሻላል፤ ለእሱ ሥዕል አይተንለታል» አለች።

ለማስለወጥ ሞከርኩ። በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ስም የለም ወይ አልኳት። አለ፣ ግን የቀሩት አይጦች ናቸው አለች። ደግሞ አንድ ወጥ ሠሪ አለ፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ባሕር ውስጥ በሚወድቅ ሰው ስም ድመት መጥራት ለእኔ አልታየኝም። ይቅር፣ ዳን ይሁን አልኩ።

ችግሩ ድመቱ አለመስማማቱ ነው። አስናቀች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዓሣ ጭንቅላት በሳህን ታደርግና ከወጥ ቤት «ዳን! ዳን!» ብላ ትጣራለች። ድመቱ ከበራችን ውጭ ደረጃው ላይ ተኝቶ ጆሮውን፣ ደህነኛውን እንኳ፣ አያነቃንቅም። ልጅቷ ፊቷ ይጨልማል። መምህሯ እንስሳ ስሙን የሚለምደው በፍቅር ሲጠራ ነው ብላቸዋለች። የእሷ ድመት ካልመጣ እንግዲህ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ እኔ አንድ ዘዴ አበጀሁ። እሷ ከወጥ ቤት «ዳን!» ስትል እኔ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ በሩን እከፍታለሁ፤ ጎንበስ ብዬ ቀስ ባለ ድምፅ «ውሮ፣ ውሮ» እላለሁ። ድመቱ ተነስቶ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይገባል። «አዩት አባባ? ስሙን አወቀ!» ትላለች። «አየሁት» እላለሁ።

በመጀመሪያው ሰሞን አሜን እያልኩ ነበር የምነሳው። እየቆየ አሜኑ ቀረ፤ መነሳቱ ብቻ ቀጠለ። እንዲያውም እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ «ዳን!» ከተባለ ዓይኔን ሳልገልጥ በሩ ላይ እደርስ ነበር።

የተራዬ ቀን ደረሰ። ዘነቡ ከፋብሪካው ፈቃድ አላገኘችም። «ዳን ሲሉ፣ ካን ይበሉ። ካን፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ዳን፣ ካን። ቀላል ነው፤ ቤት ይመታል» ብላኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ዳን፣ ካን፣ ዳን፣ ካን ስል ሄድኩ። የጋዙን ነገር እንኳ ዘነጋሁት።

ክሊኒኩ ስደርስ ታዲያ ጋዙ ትዝ አለኝ። ዘግቼዋለሁ? የነካሁት ይመስለኛል፤ ደግሜ ነክቼዋለሁ ወይ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ካን ከአፌ ጠፋች። ባን ነበር? ታን ነበር? አጠገቤ እመት ትርንጎ አሉ፤ የጉልበታቸውን ነገር ይነግሩኛል፤ አልሰማም።

በሩ ተከፈተ። ያችው ነርስ ናት። «ዳን! ዳን!» አለች።

«አሜን፣ የኔ ልጅ!» አሉ እመት ትርንጎ።

የእኔ ግን አፌ ሳይሆን እግሬ ነው የተነሳው። ብድግ አልኩ፣ ሄድኩ፣ ነርሷን አልፌ ሐኪሙ ያለበትን የውስጥ በር ከፈትኩ፤ ጎንበስ ብዬም ቀስ ባለ ድምፅ «ውሮ፣ ውሮ» አልኩ።

ከውስጥ የወጣ ድመት የለም። ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ከኋላዬ እመት ትርንጎ፣ «ኧረ አያ ፈረደ! ወዴት ነው? አሜን ይበሉና ይቀመጡ እንጂ!» እያሉ ይጣራሉ። ነርሷ «ዳን?» አለችኝ። ዘወር ብዬ አየኋት። እንዲህ ብላ ስትጠራ እኔን እያየች ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደረቴ ላይ፣ መታወቂያው ባለበት ኪስ ላይ፣ እጄን አደረግሁና አንገቴን ነቀነቅሁ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። በአገራችን ሰው ቤት ሲገቡ እንዲህ የሚባል ሰላምታ መስሎታል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እሱም እንደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «ውሮ፣ ውሮ» አለኝ።

ምን አማራጭ አለ? ተጠርቻለሁና ገባሁ።

ዓይኔን አየ፤ ወደ ሆስፒታል ላከኝ፤ ሞራው ተነሣ። ጨርቁ ሲፈታልኝ አስናቀች መጽሐፏን አመጣችልኝ። የመርከቡን ድመት አሁን በደንብ አየሁት። ጆሮው እውነትም የተቀደደ ነው። ቀለሙ ግን ቢጫ ሳይሆን ግራጫ ነው። ለልጅቷ አልነገርኳትም። እሷ ለክፍሏ ልጆች ድመቱ በስሙ እንደሚመጣ ተናግራ ጨርሳለች፤ እኔም እስከ ዛሬ በሩን እከፍታለሁ። ስሙን ከሁለታችን ማን እንደለመደው ድመቱና እኔ እናውቃለን።

ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እመት ትርንጎ በራችንን አንኳኩ። ለካስ ተራቸው ደርሶ እሳቸውም ዓይናቸውን ሊታዩ እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄደው ኖሯል። ተቆጥተዋል።

«ይሰማሉ አያ ፈረደ? ያ ሐኪም እንደ ድመት ጠራኝ እኮ! በሩን ከፍቶ፣ እንዲህ ጎንበስ ብሎ፣ ውሮ፣ ውሮ አለኝ! እኔን! የልጅ ልጅ ያየሁትን ሴት!»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቄያለሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፤ «ገባሁ።»